በአንድ ጣት የሚሮጥ እንስሳ፦ ስለ ፈረስ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በጥር ወር በየአካባቢው የሚታየው የፈረስ ጉግስና የፈረሰኞች በዓል ሰውን ሳይቀሰቅስ አልቀረም መሰለኝ፣ ሰሞኑን ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ፈረስ የሚጠይቁ ናቸው። በእንስሳት ሕክምና ሥራዬ ብዙ ዘመን ያሳለፍሁት ከጋማ ከብት ጋር ስለሆነ ደብዳቤዎቹን ያነበብሁት በልዩ ደስታ ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት በአዊ፣ በፈረስ መካከል ነው። በቅርቡ ግን ፈረስ በጥንት ዘመን ብዙ ጣቶች እንደነበሩት አንብቤ ተገረምሁ። የፈረስ ሰኮና አንድ ድፍን ነገር ሆኖ ሳለ ጣቶቹ የት ገቡ? (ከእንጅባራ)

መልስ፦ ጣቶቹ ሙሉ በሙሉ አልጠፉም፤ እርስዎ ራስዎ ዳስሰው ሊያገኟቸው ይችላሉ። ፈረስዎን አረጋግተው የፊት እግሩን ያንሡና ከጉልበቱ በታች ባለው ረጅም አጥንት ግራና ቀኝ፣ ወደ ኋላ ጠጋ ብለው፣ ጣትዎን ከላይ ወደ ታች ያሂዱ። በሁለቱም ጎን እንደ እርሳስ የቀጠነ፣ ወደ ታች እየሳሳ ሄዶ ቁርጭምጭሚቱ ጋር ሳይደርስ በትንሽ ጉብታ የሚያልቅ አጥንት ያገኛሉ። እነዚህ የሁለተኛውና የአራተኛው ጣት መነሻ አጥንቶች ቅሪቶች ናቸው። መካከል ላይ ያለው ወፍራም አጥንት የሦስተኛው ጣት፣ በእኛ እጅ የመሐል ጣት የምንለው፣ መነሻ ነው፤ ሰኮናው ደግሞ የዚያው ጣት ጥፍር ነው። እንግዲህ ፈረስ ሲቆምም ሆነ ሽምጥ ሲጋልብ የሰውነቱን ክብደት የሚሸከመው በየእግሩ ባለች አንዲት ጣት ጫፍ ላይ ነው።

እዚህ ደረጃ ላይ እስኪደርስ ድረስ የፈጀው ጊዜ እጅግ ረጅም ነው። በቅሪተ አካል ከሚታወቁት የፈረስ ቅድመ አያቶች ቀዳሚዎቹ የኖሩት ከ55 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ሲሆን፣ መጠናቸው ከቀበሮ ወይም ከትንሽ ውሻ የማይበልጥ፣ በፊት እግራቸው አራት፣ በኋላ እግራቸው ሦስት ጣት የነበራቸው፣ በጫካ ውስጥ ለስላሳ ቅጠልና ፍሬ እየለቀሙ የሚኖሩ እንስሳት ነበሩ። እንግሊዛዊው ሊቅ ሪቻርድ ኦወን እ.ኤ.አ. በ1841 የአንዱን ቅሪት ሲመረምር የፈረስ ዘመድ ነው ብሎ አላሰበም፤ ይልቁንም ሽኮኮን ስለመሰለው «ሽኮኮ መሰል አውሬ» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጣለት። አሜሪካዊው ኦትኒየል ማርሽ ከሰሜን አሜሪካ ለተገኘው ተመሳሳይ ቅሪት እ.ኤ.አ. በ1876 «የንጋት ፈረስ» የሚል ስም የሰጠው፣ በመካከል የነበሩት ትውልዶች አጥንት በብዛት ተቆፍሮ ወጥቶ ዝምድናው ግልጽ ከሆነ በኋላ ነው።

በመካከሉ የተለወጠው ምድሪቱ ራሷ ናት። የአየሩ ጠባይ እየቀዘቀዘና እየደረቀ ሲሄድ ጫካው እየሳሳ ሜዳና ሣር ተስፋፋ። በሜዳ ላይ መሸሸጊያ ስለሌለ መትረፍ የሚቻለው በሩጫ ብቻ ሆነ፤ ለሩጫ ደግሞ ረጅም እግርና ቀላል የእግር ጫፍ ስለሚበጅ ክብደቱ እየዋለ እየሰነበተ በመሐለኛው ጣት ላይ አረፈ፣ የጎኖቹም ጣቶች መሬት መንካት እየተዉ ሄዱ። ሣሩም ቢሆን እንደ ቅጠል የዋህ አይደለም፤ በውስጡ እንደ ጥቃቅን አሸዋ ያለ ጥርስን የሚሞርድ ነገር አለው። ስለዚህ የፈረስ መንጋጋ ጥርስ እየረዘመ መጣ፤ አብዛኛው ክፍሉ በድድና በአጥንት ውስጥ ተቀብሮ፣ ላዩ በተበላ ቁጥር ከሥር እየገፋ የሚወጣ ሆነ። ረጅሙ የፈረስ ፊት ይህን ሁሉ ጥርስ የሚይዝ ጎተራ መሆኑን ልብ ይሏል።

አንድ ነገር ግን ማረም እፈልጋለሁ። በብዙ የትምህርት መጻሕፍት ላይ ከትንሹ ወደ ትልቁ በሰልፍ የቆሙ ፈረሶች ሥዕል አለ፤ ሥዕሉ ለሕፃናት ቢቀልም ያሳስታል። የፈረስ ዘር እንደ መሰላል አንድ ወጥ ሆኖ ሳይሆን እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ እያወጣ ነው የሄደው፤ ብዙዎቹም ቅርንጫፎች ደርቀው ቀርተዋል። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ድንቅነሽ በሐዳር በኖረችበት ዘመን፣ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ በዚያው በአፋር ምድር ሂፓሪዮን የሚባሉ ባለ ሦስት ጣት የፈረስ ዘመዶች ይግጡ ነበር፤ ቅሪታቸውም ከእርሷ ዘመን ደለል ውስጥ ተገኝቷል። በሌላው የዓለም ክፍል ግን ባለ አንድ ጣቱ ቅርንጫፍ ቀድሞ ታይቶ ነበር።

ጥያቄ፦ የምኖረው በኮሎራዶ ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «ፈረስ የተፈጠረው አሜሪካ ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ፈረስን ወደ አሜሪካ ያመጡት እስፓኞች ናቸው ሲባል ነው የሰማሁት። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ልጅዎ የተናገረችው የመጀመሪያውን፣ እርስዎ ደግሞ የመጨረሻውን ምዕራፍ ነው። ከላይ የተረክሁት የፈረስ ዘር ታሪክ አብዛኛው የተፈጸመው በሰሜን አሜሪካ ነው። ዛሬ ፈረስን፣ አህያንና የሜዳ አህያን የሚያጠቃልለው ወገንም ከ4 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የተገኘው በዚያው ነው። ባሕሩ ዝቅ ብሎ አላስካና ሳይቤሪያ በደረቅ መሬት በተገናኙባቸው ዘመናት ከመንጎቹ የተወሰኑት ወደ እስያ ተሻገሩ፤ ከዚያም ወደ አውሮፓና ወደ አፍሪካ ተሰራጩ። በአሜሪካ የቀሩት ግን ከ10,000 ዓመታት ገደማ በፊት ጨርሰው ጠፉ። የአየር ጠባይ ለውጥ ነው የሚሉ አሉ፣ የሰው አደን ነው የሚሉም አሉ፤ እኔ ሁለቱ ተደራርበው ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ምድር ፈረስ ያየችው ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1493 በሁለተኛ ጉዞው ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ሲያመጣ ነው። እስፓኛዊው የጦር መሪ ኮርቴስም እ.ኤ.አ. በ1519 ሜክሲኮ ሲደርስ የያዘው 16 ፈረሶችን ብቻ ነበር። ከእነዚህና ተከትለዋቸው ከመጡት መካከል አምልጠው በሜዳ የበዙት ዛሬ «መስታንግ» የሚባሉት ናቸው። እነርሱ በትክክለኛ አነጋገር የዱር ፈረስ ሳይሆኑ ከቤት ወጥተው ዱር የገቡ ፈረሶች ናቸው። በሀገራችንም ከሐረር በስተምሥራቅ በሚገኘው በቁንዱዶ ተራራ ላይ ያለ ጌታ የሚኖሩት ፈረሶች እንዲሁ ከቤት ወጥተው የቀሩ ናቸው። ልጅዎን ወደ መስታንጎቹ ሜዳ የመውሰድ ዕድል ካገኙ፣ እነዚህ እንስሳት ከ10,000 ዓመት በኋላ ወደ ቅድመ አያቶቻቸው ርስት የተመለሱ መሆናቸውን ይንገሯት።

ጥያቄ፦ ፈረስን መጀመሪያ ያላመደው የትኛው ሕዝብ ነው? መቼስ ነው? (ከባሕር ዳር፣ የታሪክ መምህር)

መልስ፦ በዚህ ጉዳይ ላይ ያለን ዕውቀት ባለፉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሥሩ ስለተለወጠ፣ በክፍል ውስጥ የሚጠቀሙበት መጽሐፍ ቆየት ያለ ከሆነ ቢያስተካክሉት መልካም ነው።

በቅድሚያ፣ ሰው ፈረስን ለረጅም ዘመን የሚያውቀው በመብልነት ነበር። በፈረንሳይ በሾቬና በላስኮ ዋሻዎች ግድግዳ ላይ ከሚታዩት የእንስሳት ሥዕሎች መካከል ፈረስ በብዛት አለ፤ የሣሉት ሰዎች ግን አዳኞቹ ነበሩ እንጂ ጋላቢዎቹ አልነበሩም። ከሁሉም ቀድሞ ፈረስን አጥሮ ያኖረ ሕዝብ ተብሎ ለብዙ ጊዜ ሲጠቀስ የቆየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3500 ዓመት ገደማ በዛሬዋ ሰሜን ካዛክስታን የኖረው የቦታይ ማኅበረሰብ ነው። በሰፈራቸው እጅግ ብዙ የፈረስ አጥንት ተገኝቷል፤ በሸክላ ማሰሮዎቻቸውም ውስጥ የባዝራ ወተት ቅባት ቅሪት መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2009 ተገልጿል። ባዝራን ለማለብ ደግሞ ማላመድ ግድ እንደሆነ የሚያልብ ሁሉ ያውቀዋል።

ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2018 የቦታይ ፈረሶች ዘረመል ሲመረመር፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የምናውቃቸው ፈረሶች ከእነርሱ የወረዱ አለመሆናቸው ታወቀ። የቦታይ ፈረስ የቅርብ ዘመድ ሆኖ የተገኘው በሞንጎልያ ያለው፣ አንገተ ወፍራም፣ ጋማው ቀጥ ብሎ የሚቆመው የፕርዠቫልስኪ ፈረስ ነው። ይህ እንስሳ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከዱር ጠፍቶ በእንስሳት ማቆያዎች ብቻ ቀርቶ ከነበረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ወደ ሞንጎልያ ሜዳዎች ተመልሷል፤ በግሌ ይህ ሥራ እጅግ ያስደስተኛል።

የዛሬዎቹ ፈረሶች ምንጭ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነ ሰፊ የዘረመል ጥናት ተለይቷል፤ ቦታው የቮልጋና የዶን ወንዞች የታችኛው ተፋሰስ፣ በዛሬዋ ሩሲያ ደቡብ ነው። ከዚያ የተነሣው ዘር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2000 ዓመት ገደማ በድንገት በየአቅጣጫው ተሰራጭቶ፣ በጥቂት ምዕተ ዓመታት ውስጥ በየቦታው የነበሩትን ፈረሶች ተክቷል። ተመራማሪዎቹ በዚያ ዘር ውስጥ ጎልተው ያገኟቸው ሁለት የዘረመል ለውጦች ሲሆኑ፣ አንደኛው ከጀርባ ጥንካሬ፣ ሁለተኛው ከጠባይ ገርነት ጋር የተያያዘ ነው። ጀርባው የማይጎዳና የማይደነብር ፈረስ፦ ገበያ የወጣ ገበሬ ዛሬም ኮርቻ ከመጫኑ በፊት የሚፈትሻቸው እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

በዚያው ዘመን ከኡራል ተራሮች በስተምሥራቅ ባለው ሜዳ ላይ ቀላል የጦር ሠረገላ ተሠራ። መንኮራኩሩ እንደ በሬ ጋሪ ድፍን ሳንቃ መሆኑ ቀርቶ፣ እምብርቱ ከዙሪያው በቀጫጭን እንጨቶች የተያያዘ ስለነበር በፈረስ ኃይል መብረር ቻለ። ሠረገላውና ፈረሱ አብረው ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ወረዱ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1274 ገደማ ግብጻውያንና የዛሬዋን ቱርክ ይገዙ የነበሩት ኬጢያውያን በሶርያ ምድር በቃዴስ የተዋጉት በሺህ በሚቆጠሩ ሠረገሎች ነው። ፈረሰኛ ጦር ሠረገላን የተካው ከዚያ በኋላ ነው። እግርን የሚያሳርፈው ጥንድ እርካብም የመጣው በጣም ዘግይቶ ነው፤ በቻይና ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ4ኛው መቶ ዓመት ይታወቅ ነበር። ታላቁ እስክንድር እስከ ሕንድ የዘመተው ያለ እርካብ መሆኑን ለተማሪዎችዎ ቢነግሯቸው በነገሩ ይደነቃሉ ብዬ አስባለሁ።

ጥያቄ፦ ወደ እኛ ሀገርስ ፈረስ መቼ ገባ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የአፍሪካ የራሷ የፈረስ ወገኖች የሜዳ አህያና የዱር አህያ ናቸው። ለማዳው አህያ የተገኘውም ከአፍሪካ የዱር አህያ ሲሆን፣ ይህ እንስሳ ዛሬ በአፋር በረሃና በኤርትራ በጥቂቱ ቀርቶ ለመጥፋት ተቃርቧል። ፈረስ ግን እንግዳ ነው። ወደ ግብጽ የገባው ከእስያ መጥተው በገዟት በሂክሶስ ነገሥታት ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ17ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያም ወደ ጎረቤታችን ወደ ኩሽ፣ ወደ ዛሬዋ ሱዳን፣ ተሻገረ። ኩሻውያን ለፈረስ የነበራቸው ፍቅር የተለየ ነበር። ንጉሣቸው ፒዬ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት ግብጽን ሲይዝ ባስቀረጸው ሐውልት ላይ እንደተጻፈው፣ የሄርሞፖሊስን ከተማ ካስገበረ በኋላ ወደ ጋጣው ገብቶ በከበባው ምክንያት የተራቡትን ፈረሶች ባየ ጊዜ፣ የከተማይቱ ገዢ ከፈጸመበት በደል ሁሉ ያሳዘነው የእነርሱ መራብ እንደሆነ ተናግሯል። በኤል ኩሩ በነገሥታቱ መቃብር አጠገብ ፈረሶችም በክብር ተቀብረው ተገኝተዋል።

በሀገራችን ታሪክ የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ስለ 14ኛው መቶ ዓመት ጦርነቶች ሲተርክ ፈረሰኛን ያነሣል። ከዚያ ወዲህ ፈረስ በጦርነትም በማዕረግም ቦታው ከፍ ያለ ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ የፈረስ ኃላፊ «ባልደራስ» የሚል ማዕረግ ነበረው። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን የፈረስ ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ መባላቸው፣ ሰው በፈረሱ ስም መጠራትን እንደ ክብር ይቆጥር እንደነበር ያሳያል። ጌታው በፈረሱ የሚጠራበት ባህል ፈረስን እንደ ዕቃ ከሚቆጥር ልብ አይወጣም።

ስለ እርካብ ካነሣሁ አይቀር፣ የቀድሞው የሀገራችን እርካብ አውራ ጣት ብቻ የምትገባበት ትንሽ ቀለበት ነበረች። ጋላቢው ባዶ እግሩን ስለነበረ ይበቃዋል፤ ቢወድቅም እግሩ ተይዞ አይጎተትም።

ጥያቄ፦ በቅሎ ለምን አትወልድም? (ከደሴ)

መልስ፦ «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን፤ ምክንያቱ እዚያው ውስጥ ነው። በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ የዘር ውርስን የሚይዙ ክሮሞዞም የሚባሉ ክሮች አሉ፤ ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም አላቸው። በቅሎ ከእናቷ ከባዝራዋ 32፣ ከአባቷ ከአህያው 31 ስለምትወስድ 63 ይሆንባታል። የዘር ህዋስ ሲሠራ ክሮሞዞሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው መሰለፍ ሲገባቸው የእርሷ ስለማይገጥም ሥራው መንገድ ላይ ይቆማል። አልፎ አልፎ የወለደች በቅሎ ተመዝግባ ታውቃለች፤ እጅግ ብርቅ ስለሆነ ግን ተስፋ የሚጣልበት አይደለም።

ጥያቄ፦ ኑሮዬ በጋሪ ነው። ባለፈው በዓል ሰሞን ሥራ ስለበዛ፣ ፈረሴ እንዲበረታልኝ ብዬ ማታ ገብስና ፉርሽካ አብዝቼ ሰጠሁት። ሌሊቱን ሲንከባለል አድሮ፣ ጎረቤት ያመጣልኝን ዘይት በአፍንጫው ባጠጣውም ጠዋት ሞተ። ጥፋቴ ምንድን ነው? (ከሻሸመኔ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በደረሰብዎት ነገር ከልብ አዝኛለሁ። ያደረጉት ለእርሱ አስበው ስለሆነ ራስዎን አይውቀሱ፤ ነገር ግን ለሚቀጥለው ፈረስዎ ሲሉ ይህን በደንብ ያንብቡ።

ፈረስ በሬ አይደለም። በሬ ብዙ በልቶ፣ በትልቁ ጨጓራው አከማችቶ፣ ተኝቶ ያመሰኳል። የፈረስ ጨጓራ ግን ለሰውነቱ በጣም ትንሽ ነው፤ በትልልቆቹ የውጭ ፈረሶች እንኳ ከ8 እስከ 15 ሊትር ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ የእኛ ሀገር ፈረስ ደግሞ ከእነርሱ ያንሳል። ቀኑን ሙሉ በሜዳ ላይ እየተንቀሳቀሰ ጥቂት በጥቂት ሣር እንዲግጥ ሆኖ የተሠራ አካል ነው። ሣሩን የሚያብላላው ከኋላ፣ በዕውር አንጀቱና በትልቁ አንጀቱ ውስጥ ባሉ ረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት ነው። ብዙ እህል በአንድ ጊዜ ሲገባ በጨጓራው ሳይፈጭ ወደ ኋላ ያልፍና እዚያ ይቦካል፤ ጋዙ አንጀቱን ይነፋል፣ መርዙም ወደ ደም ይገባል። ሰው ወይም ውሻ ቢሆን ያስመልሰው ነበር፤ ፈረስ ግን ከጉሮሮው ወደ ጨጓራው የሚወስደው በር አጥብቆ ስለሚዘጋ ማስመለስ አይችልም። የገባው ነገር ያለው መውጫ አንድ ብቻ ነው።

ስለዚህ እህል ሲሰጡት በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍለው፣ ሁልጊዜም ሣር ወይም ድርቆሽ ቀድሞ ከቀመሰ በኋላ ይሁን። አዲስ መኖ ሲጀምሩ በአንድ ቀን ሳይሆን በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨምሩለት። ውኃ በበቂ ያጠጡት፤ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ በሞቃት ቀን ከሁለት ባልዲ በላይ ሊጠጣ ይችላል። ሆዱን ዞሮ ዞሮ የሚያይ፣ በእግሩ መሬት የሚጭር፣ የሚያልበውና የሚንከባለል ከሆነ ቁርጠት ይዞታልና መኖውን ወዲያው ያንሡ፣ መቆም ከቻለ ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱት፣ ሳይዘገዩ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። በአፍንጫውም ሆነ በጠርሙስ በአፉ ዘይት፣ አረቄ ወይም ሌላ ነገር ፈጽሞ አያጋቱት። ፈረስ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ስለሆነ የተጋተው ወደ ሳንባው ይገባል። ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚሰጠው እስከ ጨጓራው በሚደርስ ቱቦ ነው፤ ያንን ደግሞ ያልሠለጠነ ሰው ሊሞክረው አይገባም።

ጥያቄ፦ ፈረስ ቆሞ ይተኛል ይባላል፤ እውነት ነው? ሲገዛስ ዕድሜው እንዴት ይታወቃል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የእግሩ ጅማቶችና የጉልበቱ አጥንት ራሳቸውን የሚቆልፉበት መንገድ ስላላቸው፣ ጡንቻው ሳይደክም ቆሞ ያሸልባል። የጠለቀ እንቅልፍ ለመተኛት ግን በየቀኑ ጥቂት መጋደም አለበት፤ ጋጣው ጠባብና እርጥብ ከሆነ ስለማይጋደም ይደክማል።

ዕድሜውን በተመለከተ ከንፈሩን ገልጠው የፊት ጥርሶቹን ይመልከቱ። የወተት ጥርሶቹ ነጭና ትንንሽ ናቸው። መካከለኞቹ ሁለት ቋሚ ጥርሶች በሁለት ዓመት ተኩል፣ ቀጣዮቹ በሦስት ዓመት ተኩል፣ የዳር የዳሮቹ በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ይወጣሉ፤ አምስት ዓመት ሲሞላው አፉ ሙሉ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚያዩት በታችኞቹ ጥርሶች ገጽ ላይ ያለውን ጥቁር ጉድጓድ ነው፤ መካከለኞቹ ላይ በስድስት፣ ቀጥለው ባሉት ላይ በሰባት፣ በዳሮቹ ላይ በስምንት ዓመት አካባቢ ይደመሰሳል። ከዚያ በላይ ግምቱ እየላላ ይሄዳል። ድንጋያማና አሸዋማ ግጦሽ ላይ ያደገ ፈረስ ጥርሱ ቶሎ ስለሚበላ ካለበት ዕድሜ በላይ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ፈረሱ የት እንዳደገ ሻጩን ይጠይቁ።